ንፋስ እንዳይመታኝ

ከቁምሳጥናችን ጀርባ የበቀለው ሻጋታ የእኔ ሥራ ነው። ይህን ለማለት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። እስከዚያ ድረስ ግንበኛውን ከስሻለሁ፤ ቀለም ቀቢውን ሰድቤያለሁ፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሰው አስወጥቼ አስፈትሻለሁ። አንድ ሰሞን እንዲያውም ከበታቻችን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩትን እትዬን ጠርጥሬ ነበር። እንፋሎት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ እሳቸው ደግሞ ሽሮ ሲያንተከትኩ ነው የሚውሉት፤ ስለዚህ የእኔን ግድግዳ ያላበው የእሳቸው ሽሮ ነው የሚል ክስ አዘጋጅቼ፣ ደረጃውን እኩሌታ ድረስ ወርጄ ተመለስኩ። የመለሰኝ ኅሊና አይደለም። የሽሮው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ከከሰስኳቸው በኋላ ‹‹ና ቅመስ›› እንደማይሉኝ ትዝ ብሎኝ ነው።

ነገሩ የተጠነሰሰው ቢሾፍቱ ነው። መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ቀን ሥልጠና ልኮኝ ሐይቅ ዳር ካለ ሎጅ አደርኩ። በሌላ ሰው ገንዘብ የሚታደር አልጋ ሰውን ያጠግባል። የክፍሉን በር ስከፍት፣ ከአልጋው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ግድግዳ የለ መጋረጃ የለ፣ ነጭ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ተጎልቷል። ጠርዙ ላይ ጽጌረዳ በትነውበታል። ገብቼ ጣቶቼ እንደ ዘቢብ እስኪጨማደዱ ተዘፈዘፍኩ፤ ከዚያ ወጥቼ አልጋው ላይ ወደቅሁ። ከውሃ ወደ አንሶላ ሁለት እርምጃ! ከዚህ በላይ ሥልጣኔ ምን አለ ስል ነው ያደርኩት።

ያን ሌሊት ያየሁት ገንዳውን ብቻ ነው። የሣር ጣሪያው ከአናቴ ሦስት ሰው ቁመት ያህል እንደሚርቅ አላየሁም። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች እንዳሉት አላየሁም። በማግሥቱ የክፍል አጽጂዋ ስትገባ፣ ‹‹እንደምን አደሩ›› ከማለቷ በፊት ሁለቱንም መስኮቶች ወለል አድርጋ ስትከፍት ግን አይቻለሁ። ያኔ የተሰማኝ ቅያሜ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ ‹‹እህቴ፣ ኧረ ንፋስ!›› አልኳት።

ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። መታጠቢያ ቤቱ በሩ ሲከፈት የሽንት ቤቱን መቀመጫ የሚገጭ ዓይነት ነው። በእሱና በመኝታ ቤቱ መካከል የነበረውን የብሎኬት ግድግዳ አፈረስኩት። በሕግ ይፈቀዳል ወይ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ያልጠየቅሁትም መልሱን ስለማውቀው ነው። ገንዳውን ሊተክል የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አውርዶ ሲለካካ ቆየና፣ ‹‹ጋሼ፣ ውሃው የሚገባበትንም የሚወጣበትንም እኔ አበጃለሁ። እንፋሎቱስ በየት ይወጣል?›› አለኝ።

‹‹እንፋሎት መንገድ አያጣም›› አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

እውነቴን ነበር። አላጣም።

ባለቤቴ ደግሞ ‹‹ትንሹ ልጅ አልጋ ማርጠብ ያቆመው ገና አምና ነው›› ብላ ወጥ ቤት ገባች።

የእኔ ሒሳብ ሁልጊዜ ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው። ገንዳው ከተተከለ በኋላ ቁጭ ብዬ ደመርኩ፤ 180 ሊትር ውሃ 180 ኪሎ፣ ገንዳው ራሱ 40፣ እኔ 84። ከ300 ኪሎ በላይ፣ ልክ በእትዬ ምድጃ አናት ላይ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ገንዳው ውስጥ የምቀመጠው ትንፋሼን ሰብስቤ ነበር፤ ትንፋሽ መያዝ ክብደት ይቀንስ ይመስል።

የሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት። አራተኛ ፎቅ ለመድረስ አቅም የሚያገኘውም ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ነው። 180 ሊትር ማለት ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። ጎረቤቶቼ ለሊጥና ለልብስ ብለው እንቅልፋቸውን አጥተው በርሜል ሲሞሉ፣ እኔ የምዘፈዘፍበትን እሞላለሁ። ሲንዶቀዶቅ እንዳይሰማ ቧንቧው ላይ ፎጣ እጠመጥም ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

50 ሊትር የሚይዘው ቦይለራችን ለገንዳው አይበቃም። የጎደለውን በድግስ ድስት አፈላና፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ በአልጋው አጠገብ አሳልፌ እገለብጠዋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ቶሎ ፈላልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። እቴጌ ጣይቱ እንኳ የእንጦጦ ብርድ ሲበዛባቸው ወደ ፍልውሃ ወርደው ታጠቡ፤ አጠገቡ ቤት አሠሩ፤ ዙሪያው አዲስ አበባ ሆነ። ያን ሁሉ ሥልጣን ይዘው፣ ፍልውሃን ወደ መኝታዬ ላምጣው አላሉም። እኔ በአንድ ድስት ሞከርኩት።

የመጀመሪያው ማታ መስታወቱ ታወረ፤ የመስኮቱ መስታወት ላብ አወረደ፤ አምፖሉ ጉም ውስጥ እንዳለ ጨረቃ ደበዘዘ። ባለቤቴን ጠርቼ ‹‹ሎጅ መሰለ አይደል?›› አልኳት።

‹‹አክንባሎ የተነሣለት ምጣድ መሰለ›› አለች።

እኔ እኮ በትምህርት ቤት በፊዚክስ የማልታማ ተማሪ ነበርኩ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ የሠራሁት ሒሳብ ይኸውላችሁ። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን 17 ግራም ገደማ ነው። መኝታ ቤታችን 38 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ጢም ብሎ ቢሞላ የሚይዘው 650 ግራም ግድም ነው፤ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። በክረምት ከዚያ ላይ ከግማሽ የሚበልጠው ቀድሞ የተያዘ ነው። ለእኔ የተረፈኝ ቦታ ሁለት ሦስት የሻይ ብርጭቆ ውሃ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ነው እንግዲህ 180 ሊትር ሙቅ ውሃ ዘርግቼ፣ ሬዲዮ እየሰማሁ አንድ ሰዓት የምቆየው። ገላ ባንታጠብም ሁለት ሰው ሌሊቱን በትንፋሹና በላቡ ብቻ ግማሽ ሊትር ያህል ለአየሩ ይለግሳል።

አየሩ በቃኝ ሲል የተረፈውን ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያራግፈዋል። በአዲስ አበባ ሌሊት ውጪው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ብሎኬቱም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ በ10 ዲግሪ ደግሞ አየር የሚሸከመው ከ10 ግራም በታች ነው። ከሁሉ የሚቀዘቅዘውና አየር የማይደርሰው ቦታ ከውጪው ግድግዳ ጋር የተለጠፈው የቁምሳጥን ጀርባ ነው። ሻጋታ የሚንጠባጠብ ውሃ እንኳ አይፈልግም፤ ግድግዳውን የሚነካው አየር እርጥበቱ 80 በመቶ አካባቢ ለቀናት ከሰነበተለት ያቆጠቁጣል። የእኔው ለወራት ሰንብቶለታል። የሠርጋችን አልበም ገጾች ተጣብቀው፣ ዛሬ ባለቤቴን ከሚዜዋ መለየት አይቻልም።

መድኃኒቱ መስኮት መክፈት ነበር። አንድ ብር አያስወጣም። ባለቤቴ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ የምትለው ይህንኑ ነው። ግን ከሙቅ ውሃ ወጥቼ፣ ገላዬ ሳይደርቅ፣ መስኮት ይከፈት? ምች ሊመታኝ? እናቴ ገላዬን ካጠበችኝ በኋላ ጆሮዬን በነጠላ ጠቅልላ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፋ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። ንፋስ ለእኔ አየር አይደለም፤ ጠላት ነው፤ ጥግ ይዞ አድብቶ የሚጠብቅ፣ ማጅራትና ወገብን ለይቶ የሚያውቅ ጠላት። ታክሲ ውስጥ ‹‹እባክህ መስኮቱን›› ያልኩበት ጊዜ ቁጥር የለውም። ሐምሌ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ታውሮ፣ የማንም ክርን ጎኔ ውስጥ ገብቶ፣ እኔ የማስበው ሾፌሩ ጋ ስላለችው አንዲት ጣት ስለምታህል ክፍተት ነው። በኮሮና ጊዜ መስኮት ክፈቱ ሲባል ደግሞ፣ በመሥሪያ ቤቴ ስብሰባ ላይ ስለ አየር ዝውውር ጥቅም አሥር ደቂቃ የተናገርኩት እኔው ነኝ። ንግግሬን ስጨርስ ከኋላዬ የነበረውን መስኮት ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ ያደገ ሰው የአዲስ አበባን ብርድ ብርድ ብሎ አይቆጥረውም።

‹‹ምች የሚያመጣው ፀሐይ ነው ስትል አልነበር?›› ትለኛለች።

‹‹ንፋስም ያመጣል።››

‹‹ዝናብስ?››

‹‹እሱም።››

‹‹እንግዲያው ገንዳ ብቻ ነው የማያመጣው›› ትላለች፤ እኔም በረንዳ ላይ በጣሳ የተከልኩትን ዳማከሴ ውሃ ላጠጣ እወጣለሁ።

መስኮት ላለመክፈት ያልሞከርኩት የለም። ሽታውን በዕጣንና በከርቤ ልሸፍነው ብዬ፣ ለአንድ ሳምንት ቤቱ የለቅሶም የክርስትናም ቤት መሰለ። ከሰል በሰፌድ አድርጌ አልጋ ሥር አስቀመጥኩ፤ ድመቷ ተኝታበት አንሶላው ላይ ወጣች። ጥቁሯን ነጥብ ባየሁ ቁጥር ነጭ ቀለም ደረብኩባት፤ በሦስተኛው ወር ቀለሙን ገፍታ፣ ዘመዶቿን ጠርታ ወጣች። በረኪና ሳፈስባት ነጣች፤ ሥሯ ግን ልስኑ ውስጥ ነበርና ተመልሳ መጣች። በመጨረሻ ከመርካቶ አየር ስቦ የሚያወጣ ማራገቢያ ገዛሁ። በዚህ እንኳ ልመሰገን ይገባኝ ነበር፤ ግን የውጪውን ግድግዳ ብበሳው በቀዳዳው ንፋስ ይገባል ብዬ፣ ኮርኒሱን በስቼ ወደ ጣሪያው ሥር እንዲተፋ አደረግሁት። ማራገቢያው ሥራውን በታማኝነት ሠራ። እንፋሎቱን እየሳበ ቆርቆሮው ሥር አከማቸ፤ ቆርቆሮው ሌሊት ቀዘቀዘ፤ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ቺፑዱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ ኮርኒሳችን እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተቆዝሮ ነበር። እኛ አልጋ ላይ ይዘንብ ነበር።

ትልቁ ውርደት ግን በሽምግልና ቀን መጣ። የባልደረባዬ ልጅ ሊያገባ፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ሆንኩ። ጠዋት ካልሲዬን ላወጣ ስል መሳቢያው እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ አልሳብ አለ። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ስስብ እጀታው እጄ ላይ ቀረ። የልጄን የእግር ኳስ ካልሲ አጥልቄ፣ ጥቁር ኮቴ ላይ እንደ አመድ የነሰነሰበትን ነገር በብሩሽ ጠርጌ ሄድኩ። በብርዱ መንገድ ላይ ምንም አልሸተተኝም።

ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ቆምን፤ ‹‹ተቀመጡ›› ‹‹ጉዳይ አለን›› ተባባልን፤ ተቀመጥን። ሰው የሞላበት ሳሎን ነው፤ ቡና ተቀጣጥሏል፤ ክፍሉ ሞቀ። ኮቴም ሞቀ። ሙቀት ሲያገኘው የሁለት ክረምት ሻጋታ ከየስፌቱ ነቃ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ወንበራቸውን ገፋ አደረጉ። የልጅቷ አባት ግራና ቀኝ አሸተቱ፤ ወደ ጣሪያው አዩ፤ ወደ ምንጣፉ አዩ፤ ከዚያ በጨዋ ደንብ ‹‹እስቲ አንዳችሁ መስኮቱን ክፈቱት›› አሉ።

የተከፈተው ከኋላዬ ያለው ነው። ንፋሱ ቀጥ ብሎ ማጅራቴ ላይ መጣ። በሰው ቤት፣ ለዚያውም ልጅ ሊለምኑ ሄዶ፣ ዝጉልኝ አይባል። ዕድሜ ልኬን ስሸሸው የኖርኩት ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ቆልምሞ ያዘኝ፤ አልታመምኩም፤ ይህ ራሱ አናደደኝ። ቤተሰቡ እንደ ወጉ ሌላ ቀን ቀጠረን። በሁለተኛው ቀጠሮ እኔ አልተጠራሁም። ኋላ እንደሰማሁት አባትየው ‹‹ያ መካከል የተቀመጠው ሰውዬ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የሚያድረው?›› ብለው ጠይቀዋል።

ከዚያ በኋላ የአክስቴ ልጅ ከውጪ ሲመጣ አንዲት የእርጥበት መለኪያ አመጣልኝ፤ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ትበልጣለች። ለመኖሪያ ቤት የሚመከረው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። የእኛ መኝታ ቤት 86 አሳየ። ‹‹ይኼ ለፈረንጅ አየር የተሠራ ነው›› ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ ምንም ሳትል ወጥ ቤት ሄዳ ጨው በሳህን ይዛ መጣችና ራስጌያችን ላይ አስቀመጠችው። ‹‹ይኼ እንኳ የአፋር ነው፤ አየሩን ያውቀዋል›› አለች። ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲያልፍ ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ጠዋት ስንነሣ ሳህኑ ላይ ኩሬ ነበር።

ተሸነፍኩ ማለት ግን አይደለም። የመጨረሻ ምሽጌ ዝናብ ነበር። በበጋ ይሁን፣ ይከፈት፤ በክረምት ግን ውጪው ራሱ ውሃ እየሆነ መስኮት መክፈት እርጥበትን ቤት ጠርቶ ማስገባት አይደለም ወይ? ይህን ክርክር ማንም አይረታኝም ብዬ ነበር። አንድ የሐምሌ ማታ ዶፉ እየወረደ፣ እኔ ከገንዳ ወጥቼ ጋቢ ተከናንቤ ሳለሁ፣ ተነሥታ መስኮቱን በረገደችው። ጮህኩ። መለኪያዋን ከኪሴ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና ‹‹ዝም ብለህ እያት›› አለች። 84 ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ 72 ሆነ። በሃያኛው ደቂቃ 65።

ነገሩ ያው የደረሰኙ ጀርባ ሒሳብ ነው። ውጪው 12 ዲግሪ ከሆነ፣ አየሩ ዝናብ ጠጥቶ ጢም ቢል እንኳ በሜትር ኩብ የያዘው 11 ግራም አይሞላም። ያ አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ የመሸከም አቅሙ 17 ይደርሳል፤ የያዘው ግን ያው ነው፤ ከ60 በመቶ ብዙ አይበልጥም። ከዝናብ ውስጥ የመጣ፣ ግን የጠማው አየር። ዕድሜ ልኬን የተሟገትኩለት ነገር በሃያ ደቂቃ ሲፈርስ፣ ከእኔ የሚጠበቀውን መልስ ሰጠሁ። ‹‹ይከፈት ብዬ አልነበር?›› አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሕግ አለው፤ ያወጣችው እሷ ናት፣ የምጥሰው እኔ። ገንዳው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይገባል፣ ሙቁ ይከተላል፤ ሙቁ ቀድሞ ባዶ ገንዳ ላይ ሲወርድ ነው እንፋሎቱ የሚንቦለቦለው። ድስት ከነክዳኑ ተከልክሏል። ታጥቤ እንደወጣሁ ለሽንት ቤት የሚሆነው በባልዲ ይቀዳል፣ የቀረው ይለቀቃል፤ ገንዳውና ሴራሚኩ በጨርቅ ይወለወላል፤ ጨርቁ የጠጣውን ውሃ አየሩ አያገኘውም። ማራገቢያው አሁን የሚተፋው በግድግዳው በኩል ወደ ውጪ ነው። የሻገተው ልስን እስከ ብሎኬቱ ተፈቅፍቆ እንደገና ተለሰነ፤ ቁምሳጥኑም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ተነሣ። ወደ ሳሎን የሚወስደው በር ተዘግቶ መስኮቱ ለሃያ ደቂቃ ወለል ይላል። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች እኔን የምትፈልጉኝ ወጥ ቤት ነው፤ ጋቢ ተከናንቤ፣ ጆሮዬን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ።

ባለፈው ነሐሴ ባለቤቴ ለሳምንት ደብረ ብርሃን ሄደች። እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ማታ መስኮቱን ለአምስት ደቂቃ ከፈትኩት። በሁለተኛው ማታ ለሁለት። በሦስተኛው ማታ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፍኩና፣ የድግሱን ድስት ከቆጥ አወረድኩት። ቅዳሜ ስትመለስ ቤቱን አናፍሼ፣ ወልውዬ፣ ዕጣን አጭሼ ነው የጠበቅኋት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቀጥ ብላ ራስጌው ጋ ሄዳ ጣቷን ሳህኑ ላይ አደረገች። ሳህኑን ረስቼው ነበር። ጣቷ ሰጠመ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

ስለዚህ ገንዳው ይሸጣል። ነጭ ነው፤ ስንጥቅ የለውም፤ የተቀመጠበትም አንድ ሰው ብቻ ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ማውረጃው በገዢ ነው፤ ስታወርዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ድምፅ አታሰሙ። ለማየት የምትመጡ ደረብ የሚያደርጉት ነገር ያዙ፤ መስኮቱ ክፍት ነው።